በምግብና ወይን ፌስቲቫል ላይ ትዕዛዝ የሚቀበል ሠዓሊ፦ አገልግሎቱ ሲመዘን

ለወይን አምራች፣ ለሬስቶራንት ወይም ለግለሰብ በትዕዛዝ የተሠሩ ሥዕሎችን ፌስቲቫል ላይ የሚያሳዩ ሠዓሊዎች እዚያው አዲስ ትዕዛዝ ይቀበላሉ። አገልግሎቱ ጥሩ ነው፤ በስልክ ፎቶ አይቶ ከማዘዝ ሥራውን ቀርቦ አይቶ ማዘዝ እጅግ ይሻላል። ቦታው ግን ለሥዕል አይመችም፤ የሠዓሊው ብቃትም ለዚህ ባደረገው ዝግጅት ይታያል።

ከሁሉ በፊት ሽታው ነው። የወይን ጣዕም አብዛኛው የሚለየው በአፍንጫ ስለሆነ፣ ተርፐንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ከፍቶ የሚሥል ሰው የጎረቤቱን ቅምሻ ያበላሻል። የሚረጭ ቫርኒሽም (ያለቀ ሥዕል ላይ የሚደረግ መከላከያ ልባስ) እንደዚያው። እዚያው መሣል ካስፈለገ አክሪሊክ፣ የውሃ ቀለም ወይም በውሃ የሚቀጥን የዘይት ቀለም ይበቃል።

የተሰቀሉት ሥራዎች የዘይት ቀለም ከሆኑ፣ የመጨረሻው ቀለም መቼ እንደተቀባ ይጠየቅ። ስስ ቅብ ላዩ ለመድረቅ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ወፍራሙ ግን ውስጡ ለወራት እርጥብ ነው። በተለመደው አሠራር የመጨረሻው ቫርኒሽ የሚቀባው ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ ነው። ለፌስቲቫሉ ተብሎ በጥድፊያ ያለቀ ሥዕል ከጥብስ ጢስና ቅባት ጋር ሲገናኝ አቧራው ላዩ ላይ ይጣበቃል፤ በኋላ ማንሣቱ ከባድ ነው። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፤ ሙቀት ግን ያለሰልሰዋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ፊት ለፊት የተደራረቡ ሁለት ሥዕሎች ተጣብቀው ይመጣሉ። በአረፋ ፕላስቲክ በቀጥታ ከተጠቀለሉም የአረፋዎቹ ክብ ክብ ምልክት ላያቸው ላይ ታትሞ ይቀራል። ዳሱ ላይ በጎን ብርሃን ሲታይ ይህ ምልክት ካለ፣ የእርስዎም ሥዕል እንደዚያው ተጠቅልሎ ይደርስዎታል።

አሰቃቀሉም ይታይ። የሥዕሉ መሐል ከመሬት 145 እስከ 155 ሳንቲሜትር ቢሆን ለዓይን ይመቻል፤ ነገር ግን ሰው ብርጭቆውን ደረቱ አካባቢ ይዞ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ግማሽ ሜትር ያህል የሚያርቅ ገመድ ያስፈልጋል። ወይን ከፈሰሰ በደረቅ ለስላሳ ጥጥ ጫን እያደረጉ መምጠጥ እንጂ ማሸት አይገባም። መስታወት የሌለው የውሃ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ግን ወረቀቱ ወዲያው ስለሚጠጣው ብዙም ማድረግ አይቻልም።

ብርሃኑ ያሳስታል። ቢጫ የጌጥ አምፖል ስር ቀዩ ይሞቃል፣ ሰማያዊው ይደበዝዛል፤ ባለ ቀለም ድንኳን ደግሞ ሁሉን ያቀልማል። ሥዕሉን ወደ ቀን ብርሃን አውጥቶ የሚያሳይ ሠዓሊ ይመረጣል።

በወይን በራሱ የተሣሉ ሥዕሎችን ለመታሰቢያ ካልሆነ አንመክርም፤ ቀለሙ ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ወይን ለመሣል በተገዛ ቀለምም ቢሆን ቱቦው ላይ ያለውን መለያ ማንበብ ይገባል፦ ፒ.አር. 83 (PR83) የተባለው አሊዛሪን፣ ጥቁር ቀይ ቀለም፣ በብርሃን ይደበዝዛል፤ ፒ.ቪ. 19 (PV19) ግን በጣም የተሻለ ይቆያል።

ውሉ ላይ አብዛኛው ሰው የሚረሳው የማባዛት መብት ነው። ሥዕሉን መግዛት ጠርሙስ ላይ ወይም ሜኑ ላይ ለማተም ፈቃድ አይሰጥም፤ በብዙ አገር ያ መብት በጽሑፍ ካልተላለፈ ሠዓሊው ጋር ይቀራል። ለአምራች የሚሠራ ከሆነ ለምን ያህል ጊዜና ለየትኛው ምርት እንደሚታተም ይጻፍ። በተቃራኒው ሠዓሊው የእርስዎን ሥዕል ሌላ ፌስቲቫል ላይ ለማሳየት ከፈለገ፣ በማን ወጪ እንደሚጓጓዝና ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ይስፈር። እርማት የሚደረገው በረቂቁ ላይ መሆኑን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነም ይወሰን፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ሁለቱንም ወገን ያጣላል። ቅድመ ክፍያውም ረቂቁ ከጸደቀ በኋላ ሥራው ቢቋረጥ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ሳይጻፍ አይከፈል።