የኖርዌይን ዳርቻ በመርከብ፣ ቱሩን ግን በእግራችን

ከቤርገን ተነስቶ ኪርኬኔስ ደርሶ የሚመለሰውን የ12 ቀን መርከብ ከእህቴ ጋር ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሄድንበት። ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ የቀነስኩት አንዱ ነጥብ መርከቡ በየወደቡ ለብቻ የሚሸጠው ጉብኝት፣ ቱር የሚሉት፣ ዋጋው ነው። ትኬቱን ራሱ ስንት ጊዜ አጠራቅመን ነው የገዛነው፣ ከዛ የቱር ዝርዝሩን ስናየው ሁለታችን በየቀኑ አንድ አንድ ብንወስድ የካቢኑን ዋጋ ሊያክል ምንም አይቀረውም፣ እህቴ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "እግር ለምን ተሰጠን?" አለች። በቃ እዛው ተስማማን፣ ለሁለታችን አንድ ቱር ብቻ እንገዛለን፣ ሌላው በእግርና በከተማ አውቶቡስ።

ይሄ መርከብ እንደ ሌላው ክሩዝ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ፖስታና እቃና ሰው ሲያመላልስ የኖረ መስመር ነው፣ ዛሬም 34 ወደብ ላይ ይቆማል፣ እናንተ ቁርስ እየበላችሁ ከታች ፎርክሊፍት ሳጥን ሲያወርድ ታያላችሁ። ለኛ አይነቱ ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ብዙ ቦታ የሚጠጋው ከከተማው አፍንጫ ስር ስለሆነ ከመርከብ ወደ ከተማ ለሚወስድ አውቶቡስ አትከፍሉም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። አንዱ ወደብ 15 ደቂቃ፣ ሌላው 4 ሰዓት፣ አንዳንዱን ደሞ ሲሄድ በሌሊት ተኝታችሁ ያልፈውና ሲመለስ በቀን ይቆምበታል። ስለዚ ከቤት ሳትወጡ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉት፣ እኛ ይሄን ያደረግነው ሶስተኛው ቀን ላይ ነው፣ ዋጋችንንም አገኘን።

ዋጋችን ማለት ትሮንድሃይም ነው። ሲሄድ ጥሩ ሰዓት ላይ ነበር የቆመው፣ ግን ዝናብ ነበርና "ስንመለስ እናየዋለን" ብለን ካቢን ውስጥ ተጠቅልለን ቀረን። ስንመለስ ለካ የሚቆመው በጠዋት ነው! ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዘን ኒዳሮስ ካቴድራል በር ላይ ስንደርስ ዝግ። የኖርዌይ ንጉሥ የነበረው ቅዱስ ኦላቭ የተቀበረበት ነው የሚባለውን ቦታ በውጪ ዞረን አየነው፣ ፊቱ ላይ የተደረደሩትን ሀውልቶች ቆጥሬ ሳልጨርስ እህቴ በብርድ ጎተተችኝ። ለማጽናኛ አሮጌው ድልድይ ላይ ቆመን ወንዙ ዳር ያሉትን ባለ ቀለም የእንጨት መጋዘኖች ፎቶ አነሳን፣ እሱ ነጻ ነው፣ በጠዋት ደሞ ሰው የለበትም።

ኦሌሱንድ ግን ያለ ምንም ወጪ አንደኛ ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. በ1904 ተቃጥሎ በጥቂት አመት ውስጥ በአንድ አይነት ስታይል፣ አርት ኑቮ በሚሉት፣ ስለተሰራ ዝም ብሎ መንገድ ላይ መሄዱ ራሱ ቱር ነው። አክስላ የሚባለው ኮረብታ 418 ደረጃ አለው፣ ጉልበት ላለው ሰው ቲኬት የለም ሰልፍ የለም። ከላይ ሆናችሁ መርከባችሁን ታዩታላችሁ፣ እሱ ደሞ ጥሩ ነው፣ ጥሎን ሄደ ወይ ብላችሁ አትጨነቁም።

ጥሎ መሄዱ ቀልድ አይደለም። በመርከቡ ቱር ከሄዳችሁ አውቶቡሱ ቢዘገይ ይጠብቃችኋል፣ በራሳችሁ ከወጣችሁ ግን አይጠብቅም፣ የሚቀጥለው ወደብ ድረስ በራሳችሁ ገንዘብ ማሳደድ ነው፣ ያን ጊዜ የቆጠባችሁት ሁሉ ገደል ይገባል። እኛ ከመነሻው ሰዓት ላይ ሁልጊዜ 40 ደቂቃ እንቀንስ ነበር። ሰዓቱ 18፡15 ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ እህቴ በየቀኑ ስድስት እየቀነሰች 12 ሰዓት ከሩብ ስትል እኔ ደሞ ሁለቴ እንዳትቀንስ እፈራ ነበር።

ትሮምሶ ላይ ወደ ሰሜን ስትሄዱ 4 ሰዓት ያህል ስላላችሁ እዛ ጋ ተዘጋጁ። እኛ ከወደቡ ተነስተን ድልድዩን በእግር ተሻገርነው፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ነፋሱ ግን ኮፍያ አያስቀርም፣ የኔ ጓንት አንዱ አሁንም ባህር ውስጥ ነው። ድልድዩን ስትጨርሱ እዛው ፊት ለፊት የአርክቲክ ካቴድራል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሰራው ነጩ ሶስት ማዕዘን፣ ከውጪ ማየቱ በቂያችን ነበር። ከዛ ሰው ሁሉ በገመድ ተራራው ላይ የሚያወጣው ኬብል ካር ጋ ሲሰለፍ እኛ ሼርፓ የሚባሉት የተራራ ሰዎች ከኔፓል መጥተው የሰሩትን የድንጋይ ደረጃ ያዝን፣ 1200 ገደማ ነው፣ ስድስት መቶው አካባቢ ላይ እህቴ ቁጭ ብላ "አንቺ፣ ገንዘብ እኮ ለዚህ ነው የተፈጠረው" አለችኝ። ቢሆንም ወጣን። 421 ሜትር ላይ ሆነን ደሴቱን ከነድልድዩ፣ ባህሩን፣ ማዶ በረዶ የጀመራቸውን ተራሮች አየን፣ ሰዓት ስለጠበበ መውረጃውን ብቻ ኬብል ካር ከፈልን። አንድ መንገድ ብቻ መግዛት ይቻላል፣ ጠይቁ። ደረጃው ሲበርድና ሲያዳልጥ ግን እንዳትሞክሩት፣ እዛ አገር ሰዎች ጫማቸው ስር ጥርስ ያለው ነገር አስረው ነው የሚሄዱት።

የገዛነው አንዱ ቱር ኖርድካፕ ወደሚባለው የባህር ዳር ገደል ነበር፣ አልቆጨንም። መርከቡ ሆኒንግስቮግ ከተማ ላይ የሚቆመው ሶስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ቦታው ደሞ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ለሁለት ሰው ታክሲ ስንጠይቅ ከቱሩ ብዙም አልተሻለም። አራት ከሆናችሁና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ካለ መኪና ቀድሞ መከራየት ይሻላል። 307 ሜትር ገደል ጫፍ ላይ ቆማችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ የአውሮፓ ሰሜናዊ ጫፍ ነው እያሉ፣ እውነቱን ለመናገር ጎኑ ያለው ክኒቭሼሎደን ትንሽ ይበልጠዋል ግን ማን ግድ አለው። ካልሄዳችሁ ከተማው ውስጥ ያለችውን ነጭ ቤተክርስቲያን እዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ሁሉን ሲያቃጥሉ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት።

ምግብ ላይ ብዙ አላወራም፣ ትኬታችን ላይ ስለነበር ውጪ ምሳ አልበላንም። የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፣ ጠርሙስ ያዙ። ጥሬ ገንዘብ አትመንዝሩ፣ አውቶቡሱም ሽንት ቤቱም በካርድ ነው። ብስኩትና ፍራፍሬ ሬማ 1000 ወይ ኪዊ ከሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ግዙ፣ እሁድ ግን ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ዝግ ናቸው፣ እኛ ይሄን በር ስንገፋ ነው ያወቅነው። አውቶቡስ ለማየት ኤንቱር የሚባለው አፕ አገሩን በሙሉ ይሸፍናል፣ ለአየሩ ደሞ ዪር።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ቫርዶ አለ፣ የኖርዌይ ምስራቅ ጫፍ ላይ ያለው ከተማ፣ ሲመለስ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆማል። የመርከቡ ሰው ወደ ምሽጉ ሲሄድ እኛ ስታይልኔስ ወደሚባለው መታሰቢያ ፈጠንን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጥንቆላ ተከሰው ለተገደሉ 91 ሰዎች የተሰራ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ረጅም ጨለማ ኮሪደር ነው፣ ግድግዳው ሸራ ስለሆነ በነፋሱ ይንቀጠቀጣል፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ መስኮትና አንድ አምፖል፣ ከጎኑ ምን ተብሎ እንደተከሰሰ ተጽፏል። እህቴ እየተነበበላት ነበር፣ አንዷ ጋ ስንደርስ "ተይው፣ አታንብቢልኝ" አለች። ከዛ መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ፣ ያቺን 40 ደቂቃ ረስተናት ነበር፣ እየሮጥን ተመለስን፣ መውረጃውን ሊያነሱ የቆመው ልጅ ካርዳችንን ስካን እያደረገ ይስቃል።