የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ የአቤቱታ አገልግሎት፦ በጦርነት ጊዜ ምን ያህል ይረዳል?

ጦርነት ሲነሳ መንግሥታት ቶሎ ከሚያግዷቸው ነገሮች አንዱ የሥራ ማቆም አድማ ነው። በዲፕሎማቶች መካከል የራሱ ወንበር ለሌለው የሠራተኛ ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ በራሱ ስም አቤት የሚልበት መድረክ ነው።

ትልቁ ብርታቱ አገሪቱ የመደራጀትና የጋራ ድርድር መብትን የሚደነግጉትን የድርጅቱን ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ን እና 98ን፣ ባታጸድቅም አቤቱታ መቀበሉ ነው። የአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶችን መጨረስ ግዴታ አይደለም። ማኅበሩ በአዋጅ ቢፈርስ ወይም መሪዎቹ ቢሰደዱ አቤቱታው በዚህ ብቻ አይወድቅም። በጦርነት መሐል ላለ ማኅበር ይህ እጅግ ውድ ነገር ነው።

አቤቱታው በጽሑፍ፣ በፊርማና በማስረጃ ይቀርባል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለአገሩ መንግሥት ሚኒስቴር ጽፎ ጄኔቫ ላለው ድርጅት በግልባጭ ማሳወቅ እንደ አቤቱታ አይቆጠርም። ስለ ጦርነቱ ፍትሐዊነት የሚከራከር ፖለቲካዊ ጽሑፍም ተቀባይነት የለውም። የሚፈለገው ማን፣ መቼ፣ የት እንደታሰረ፣ በማኅበሩ ያለው ኃላፊነትና እግዱ የተላለፈበት ትእዛዝ ነው። ተጨማሪ መረጃ ለማቅረብ የአቤቱታው መድረስ ለአመልካቹ ከተገለጸበት ጀምሮ አንድ ወር ይሰጣል። ልብ በሉ፣ አቤቱታው መልስ እንዲሰጥበት ለመንግሥት ይላካል፤ ስለዚህ የምስክሮችና የተራ አባላት ስም አይግባበት።

ኮሚቴው አጠቃላይ የአድማ ክልከላን የሚቀበለው በከባድ አገራዊ ቀውስ፣ ለተወሰነ ጊዜና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። ክርክሩም እዚህ ላይ ያተኩር፦ ክልከላው ማብቂያ ቀን አለው? ከጦርነቱ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን የሥራ መስኮች ይነካል?

ድክመቱ መዘግየቱ ነው፤ ኮሚቴው በዓመት የሚሰበሰበው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ሕይወትንና የግል ነጻነትን የሚመለከቱ ጉዳዮች ቅድሚያ ያገኛሉ። መንግሥት መልስ ከነፈገ አስቸኳይ ጥሪ ይደርሰዋል፤ ከዚያም ጉዳዩ ያለ እሱ መልስ ሊታይ ይችላል። ውሳኔው ምክረ ሐሳብ እንጂ የሚያስፈጽመው ኃይል የለውም። ክብደቱ የሚመጣው ከአወቃቀሩ ነው፦ ከገለልተኛው ሰብሳቢ ሌላ 3 የመንግሥት፣ 3 የአሠሪና 3 የሠራተኛ ወገን አባላት ተስማምተው ያወጡታል፤ የተከሰሰው አገር ዜጋ የሆነ አባል በጉዳዩ አይሳተፍም። መንግሥታት ራሳቸው የተስማሙበትን ቃል አንድ መንግሥት የጠላት ወሬ ብሎ ማጣጣል ይከብደዋል።

ፈራሚዎቹ በሙሉ ከታሰሩ፣ እንደ ዓለም አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በድርጅቱ ዘንድ የምክክር ደረጃ ያለው አካል ማመልከት ይችላል። መረጃውን ማን እንደሚያደርስለት ግንኙነት ሳይቋረጥ መወሰን አለበት።