የ2024ቱ የተጫዋቾች መመሪያ ከወራት በኋላ፦ ነፃ ድግምት ለማን ደረሰ?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን፣ ዳይስ እየጣልን በጋራ ታሪክ የምንፈጥርበት ጨዋታ ነው። አዲሱ የተጫዋቾች መመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ነው። የኛ ቅጂ ድሬዳዋ የደረሰው በሻንጣ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። 384 ገጽ ነው፣ ሽፋኑ ጠንካራ፤ ሲወጣ ዋጋው 49.99 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል እየተሰበሰብን እንጫወትበታለን። ጥራዙ የድሬን አቧራ ችሎ እስካሁን ደህና ነው። መብራት ጠፍቶ የስልክ ባትሪም ሲያልቅ ደግሞ የወረቀት መጽሐፍ ጥቅሙ ይታወቃል። እኔ ግን ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለ አንድ ነገር ነው። ሳብክላሶች (የአንድ ክላስ፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ሙያ፣ ንዑስ ዓይነቶች) ለአስማተኞች በነፃ ስለሚሰጧቸው ድግምቶች።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው ባጭሩ ልንገር። አስማት የሚጠቀም ገጸ ባሕርይ የሚይዛቸው ድግምቶች በቁጥር የተወሰኑ ናቸው። ሳብክላሱ ግን ከዚያ ኮታ ውጭ የራሱን ዝርዝር ሊጨምርለት ይችላል። ለማን ስንት ተጨመረ የሚለው ነው ጠረጴዛውን የሚያጣላው።

በ2014ቱ መመሪያ ክለሪክ (በአምላክ ኃይል የሚደግመው) በዶሜይኑ፣ ማለትም በሳብክላሱ፣ 10 ድግምት በነፃ ያገኝ ነበር። ሶርሰረር (አስማት በተፈጥሮው ያለው) ምንም። ዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ውል ገብቶ አስማት የሚያገኘው) የሚመርጥበት ዝርዝር ይሰፋለታል እንጂ የሚወስደው ከራሱ ኮታ ነበር። በ2020 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ክሎክወርክ ሶል የሚባል ሶርሰረር መጣና ነገሩ ጭራሽ ተዛባ። ገጸ ባሕርዩ አድጎ ሌቭል 5 ሲደርስ፣ ድራጎን የሚባለው ሶርሰረር 6 ድግምት ያውቅ ነበር። ክሎክወርኩ በዚያው ሌቭል 12። ያው አንድ ክላስ እኮ ናቸው! ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ያማርጣል፣ ሌላው ተራው በደረሰ ቁጥር ያንኑ እሳት ይወረውራል። አቦ፣ ይሄ ለሚጫወተው ሰው ያማል።

አዲሱ መጽሐፍ ይህን በአብዛኛው አስተካክሎታል። ሶርሰረር ራሱ ሌቭል 5 ላይ 9 ድግምት ያዘጋጃል። ድራጎኑ በነፃ 6 ሲጨመርለት 15 ይሆናል። ክለሪክም በዚያው ሌቭል 9 ያዘጋጃል፣ ከዶሜይኑ 6 ያገኛል፤ እሱም 15። የዋርሎኩ ፓትረን (ውል የገባለት ፍጡር) የሚሰጠውም አሁን ሁሌ ዝግጁ ነው፣ ከኮታው አይቀነስም። ሁሉም ሳብክላሱን የሚይዘው ሌቭል 3 ላይ ስለሆነ ለነዚህ ቢያንስ አራት ነፃ ድግምት አንድ ላይ ይመጣል። ያ ምሽት እኛ ጋ እንደ በዓል ነበር።

ዲኤማችን (ጨዋታውን የሚመራው) ሁሌ የሚከራከረኝ ነገር አለ። ነፃ ድግምት ስሎት፣ ማለትም የመደገሚያ ዕድል፣ አይጨምርም ይላል። እውነቱን ነው። ሌቭል 5 ሶርሰረር 4 የአንደኛ፣ 3 የሁለተኛ፣ 2 የሦስተኛ ደረጃ ስሎት አለው። 9 ድግምት ይያዝ 15፣ ወደ ስሎት የሚቀየረውን የሶርሰሪ ፖይንቱን ትተን በቀን የሚደግመው ያው ነው። እኔ የምለው ግን፣ ምርጫም ጉልበት ነው። ኮታው ጠባብ የሆነ ተጫዋች ሁሌ የሚወስደው የሚያዋጣውን ነው፤ ፋየርቦል (የእሳት ኳስ)፣ ሺልድ (ጋሻ)፣ እነዚያኑ። ለደስታው ብሎ አንድም ቦታ አያባክንም። ነፃ ዝርዝር ያለው ግን የገጸ ባሕርዩን ጠባይ የሚያሳይ ድግምት በእጁ አለ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው የዝርዝሩ ይዘት ነው። የኛ ላይፍ ክለሪክ (ፈዋሿ) ከነፃዎቹ መካከል ብለስ (ምርቃት)፣ ኪዩር ዉንድስ (ቁስል መፈወሻ)፣ ሪቫይቪፋይ (ከሞት መመለሻ) አላት። እነዚህን ማንኛውም ክለሪክ መያዝ ይችላል፤ አዲስ ነገር አልመጣላትም። ግን ነፃ ባይሆኑ የሷ ኮታ በሙሉ ለኛ ቁስል ነበር የሚውለው። ያ ሥራ ከኮታዋ ውጭ ስለሆነላት ራሷ የወደደችውን ትይዛለች። ክሎክወርክ ደግሞ በሌላ መንገድ ጥሩ ነው፤ ሶርሰረር ጨርሶ የማያገኛቸውን የማጠናከሪያና የማዳኛ ድግምቶች፣ ኤይድንና ሌሰር ሬስቶሬሽንን፣ ያመጣለታል። በ2020 ስሪቱ እነዚህን በሌላ ድግምት መቀየር ይቻል ነበር። አሁን አይቻልም፣ ደግም ሆነ። መቀየር ሲፈቀድ ዝርዝሩ ጠባዩን አጥቶ የጠንካራ ድግምቶች መሰብሰቢያ ይሆናል።

የሚያሳስበኝ ፓትረኑ ፊንድ (ጋኔን) የሆነው ዋርሎክ ነው። ሌቭል 5 ላይ ፋየርቦል በነፃ ይሰጠዋል። ስሎቱ ሁለት ቢሆንም አጭር እረፍት ባረገ ቁጥር ይመለስለታል። ዲኤሙ እረፍት ላይ ለጋስ ከሆነ የኛን ሶርሰረር በገዛ እሳቱ ይበልጠዋል። እኛ ጋ መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አጭር እረፍት ከሁለት አይበልጥም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት አራት የሶርሰረር ሳብክላሶች ሦስቱ ነፃ ድግምት አላቸው። ዋይልድ ማጂክ፣ የትርምስ አስማተኛው፣ የለውም። ጓደኞቹ 15 ይዘው እሱ በ9 ይቀመጣል። ታይድስ ኦፍ ኬኦስ (ዳይስ ሲጥል የሚያግዘው ችሎታ) አለው፣ ሲደግም ያልታሰበ ነገር የሚያመጣው የድንገቴው ሰንጠረዥም አለው፤ ጥሩ ናቸው። ግን ሰንጠረዡ የሚያመጣው ነገር በተጫዋቹ እጅ አይደለም፣ ምርጫ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ነው። አንዱ የሌላው ካሳ ሊሆን አይችልም።

እንደ ሌሎቹ ቋሚ ዝርዝር ብንሰጠውስ? አልወደድኩትም፤ የትርምስ አስማተኛ በየቀኑ ያንኑ ይዞ መነሳት የለበትም። ስለዚህ ስድስት ድግምት ጻፍን፦ ፌዘር ፎል (ቀስ ብሎ መውረጃ)፣ ፎግ ክላውድ (ጉም)፣ ጃምፕ (መዝለያ)፣ ሌቪቴት (አየር ላይ ማንሳፈፊያ)፣ ስፓይደር ክላይም (ግድግዳ መውጫ)፣ ኤንላርጅ ሪዲዩስ (ማተለቂያና ማሳነሻ)። ከረጅም እረፍት በኋላ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሁለት ጊዜ ይጣላል። የወጣው ለዚያ ቀን በነፃ ዝግጁ ነው። ሆን ብለን ጉዳት የሚያደርስ አንድም አላስገባንም፤ እሳትማ ከራሱ ኮታ ይመርጣል። ሌቭሉ ሲያድግ ሰንጠረዡንም ከፍ ባሉ ድግምቶች እንቀይራለን።

ይሄ ነገር ጨዋታችንን ቀይሮታል። የምንጫወትባት ከተማ መሃል ለመሃል ደረቅ የአሸዋ ወንዝ አለ። የድሬን ደቻቱ ወንዝ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ እዚህ ጠብ ሳይል ደጋ የዘነበው ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። አንድ ማታ ጎርፉ ሲደርስ ክለሪካችን አሸዋው ላይ ቆማ ነበር። ዋይልድ ማጂኳ ልጅ ያን ቀን ሌቪቴት ወጥቶላት ነበርና ከውኃው በላይ አንስታ አቆየቻት። ከራሷ ኮታ ሌቪቴትን ፈጽሞ አትመርጥም ነበር። ሳሎኑ በጩኸት ተናወጠ፣ የቤቱ እናት ምን መጣ ብለው ወጡ።

ሬንጀር (የዱር ተዋጊው ክላስ) ላይም ያው ክፍተት አለ። ግሉም ስቶከር የሚባለው ሳብክላሱ እስከ ሌቭል 17 አምስት ነፃ ድግምት ይደርሰዋል፣ ሀንተር የሚባለው ግን ምንም። ለሱም አምስት ሰጠነው። ፓስ ዊዝአውት ትሬስን (ዱካ ማጥፊያውን) ግን ከዝርዝሩ አስቀረን፤ ሬንጀር ሁሉ በራሱ ኮታ የሚወስደውን በነፃ መስጠት ምርጫ አይጨምርም።

መጽሐፉን ለመግዛት የምታስቡ፣ መጀመሪያ በኤፕሪል 2025 በነፃ የተለቀቀውን የጨዋታውን ሕግ ሰነድ አውርዱ። ድራጎን ሶርሰረር፣ ላይፍ ክለሪክ፣ ፊንድ ዋርሎክና ሀንተር እዚያ አሉ፤ ከላይ ካነሳኋቸው ግማሾቹን ያለ ብር መሞከር ትችላላችሁ። ክሎክወርክ፣ ግሉም ስቶከርና ዋይልድ ማጂክ ግን እዚያ የሉም። እነሱን የሚፈልግ ተጫዋች ካላችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፈልጉ።