ማስመሪያው ልክ ነው፣ ዘበኛው ግን 30 ጫማ ሆኗል

ይህን ቨርችዋል ቴብልቶፕ (የጠረጴዛ ላይ ጨዋታን በስክሪን የምንጫወትበት ፕሮግራም) ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ዳይሱ ይጣላል፣ ቶከኑ (ማፑ ላይ ገጸ ባህሪውን የሚወክለው ምስል) ይንቀሳቀሳል፤ በዚህ በዚህ አላማርርም። ያቃጠለኝ የስኬሉ ነገር ነው፤ ማፑ ላይ አንድ ካሬ ስንት ጫማ ነው የሚለው።

በምንጫወተው የጀብድ ጨዋታ፣ በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ አንድ ካሬ 5 ጫማ ነው። ዋሻ ውስጥ ልክክ ይላል፤ 30 ጫማ የሚራመድ ሰው 6 ካሬ ይቆጥራል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ውጊያው ሜዳ ሲወጣ ነው። በረጅም ቀስት እስከ 600 ጫማ ይወረወራል፤ ይህ 120 ካሬ ነው። ለካሬ 100 ፒክስል ቢሰጠው የማፑ አንድ ጎን ብቻ 12,000 ፒክስል ይሆናል። ሌላውም ጎን እንደዚያው ከሆነ ምስሉ ሲከፈት ከ500 ሜጋባይት በላይ ሚሞሪ ይውጣል፤ ፋይሉ በጄፔግ ማነሱ አያድንም። በስልክ የገባው ተጫዋቼ ያየው ጥቁር ስክሪን ነው።

«ታዲያ ስኬሉን ቀይረዋ!» ይለኛል ሻጩ በሐሳቤ። ቀየርኩት እኮ የኔ ጌታ! አንዱን ካሬ 30 ጫማ አደረግኩት። የፕሮግራሙ ርቀት መለኪያ ማስመሪያ ወዲያው ገባው፤ ከግንቡ እስከ ጫካው ጫፍ 600 ጫማ ብሎ ለካ። ቶከኖቹ ግን ወሬውንም አልሰሙ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ አሁንም ካሬውን ሞልቶ ቆሟል፤ ጎኑ 30 ጫማ የሆነ ዘበኛ! የያዘው ችቦ በዙሪያው 20 ጫማ ደማቅ ብርሃን ይሰጣል፣ ከዚያ ውስጥ 15ቱን የራሱ ምስል ይሸፍነዋል። ፋየርቦል የሚሉት የጠንቋዩ የእሳት ኳስ ደግሞ ወርዱ 40 ጫማ ነው፤ በዋሻው ማፕ 8 ካሬ ይይዝ የነበረው እዚህ አንድ ካሬ ከሲሶ ሆኖ ቀረ። ተጠጋግቶ የቆመ ጭፍራ ሙሉ መቃጠል ሲገባው አንድ ወይ ሁለት ቶከን ነክቶ ይጠፋል፤ ጠንቋዩን የሚጫወተው ልጅ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም።

በእጅ ማሳነስ? ቶከኑን ለስድስት መክፈል አለብኝ፤ ፕሮግራሙ ከግማሽ ካሬ በታች አይወርድም። ቢወርድስ ማን በማውስ ቁንጫ ያድናል?

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፦ በሜዳው ማፕ ላይ በሩን ስጫን የ5 ጫማው ማፕ ይከፈት፣ ቶከኖቹም ከነቁስላቸው ይከተሉኝ። «ለማንኛውም ዓይነት ውጊያ» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ይህን ሳያስብ እንዴት አፉን ሞልቶ እንደተናገረ እንጃ። ለዋሻ ነው ቢለኝ ኖሮ ዋጋው ባልቆረቆረኝ።

የዚህ ዓመት ክፍያ ሲያልቅ አላድስም። ለጊዜው የሜዳ ውጊያ ሲመጣ ግሪዱን (የካሬዎቹን መስመር) አጥፍቼ ማፑን ግንብ፣ ሜዳ፣ ጫካ ብዬ እከፍለዋለሁ፤ ርቀቱን በቃሌ እነግራቸዋለሁ።