ሙቀት የሚችል የፀጉር መተኮሻ ማስቀመጫ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በሚገኝ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ያሠራሁት የፀጉር መተኮሻ ማስቀመጫ፣ ከሶኬት የተነቀለውን መተኮሻ እስኪበርድ ሳይጠብቁ ለመክተት ታስቦ የተሰፋ ሲሆን፣ ዋናው ብልሃቱ የጨርቁ ምርጫ ነው። ብዙ መተኮሻዎች እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚግሉና ፖሊስተር የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ በላይ ቢሆንም ቀደም ብሎ መለስለስ ስለሚጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ ውስጡንም ውጩንም በጥጥ ጨርቅ ሠርታ በመካከሉ ወፍራም የጥጥ ንጣፍ ደርባለች። ክሩ ሳይቀር ጥጥ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰፊ አያስበውም። አፉ ግን ጠበብ ስላለ ሰፊ ሰሌዳ ላለው መተኮሻ አይመችም፤ የገመዱ ኪስም ትንሽ ነው። በዚህ ምክንያት ለማሠራት የሚፈልግ ሰው መተኮሻውን ይዞ ሄዶ ቢያስለካ ይሻለዋል።