ዊንዶውስ 7 ላላችሁ፦ ፋየርፎክስ 115፣ ሱፐርሚየም ወይስ ፎርማት? ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት

ከደሴም ከኮምቦልቻም ከሀይቅም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ "ዊንዶውስ 7 ነው ያለኝ፣ ክሮሙ አፕዴት አልሆን አለ፣ ሳይቱ አልከፈት አለኝ፣ ፎርማት ላስደርገው ወይ?" ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይጠይቃል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይሄንኑ ልላክላችሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር ጫኑ፣ ኢኤስአር ማለት ሴኪዩሪቲ አፕዴቱ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይለት የፋየርፎክስ ዓይነት ነው። ዋጋው 0 ብር ነው፣ ከፓኬጃችሁ የሚበላው 60 ሜጋ አካባቢ ነው፣ ፋይላችሁን አይነካም። ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

"አሮጌውን ጣለውና አዲስ ግዛ" የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ያገለገለ ላፕቶፕ እንኳን ደህናው ብዙ ብር ነው የሚያስወጣው፣ ደግሞ ሰው ዊንዶውስ 7 ላይ የቆየው በፍላጎት ብቻ አይደለም። ጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ ፓወር ግዕዝ አለው፣ ሒሳብ የሚሠራው ፒችትሪ አለው፣ ፕሪንተሩ ደግሞ ድራይቨሩ ለአዲስ ዊንዶውስ የማይገኝለት ይሆናል። ያ ሁሉ ተስተካክሎ እየሠራ ያለ ማሽን ነው፣ የጎደለው ብሮውዘር ብቻ ነው። ለብሮውዘር ብላችሁ ቤቱን ሁሉ አታፍርሱ።

ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ግን ሰዓቱንና ቀኑን እዩ። ወላሂ ከሚመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹ ችግራቸው ይሄ ብቻ ነው። "ኮኔክሽኑ ሴኪዩር አይደለም" እያለ ሁሉንም ሳይት ከከለከላችሁ ቀኑ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ሳይቶቹ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ የሚሰጡት ሰርተፊኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ተብሎ የተወሰነ ነው፣ ኮምፒውተሩ 2009 ላይ ነኝ ካለ የዘንድሮው ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ አይቀበለውም። ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሲአር 2032 ማለቋ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ ራሳችሁ ትቀይሯታላችሁ። ሁለተኛው ቀኑን በኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ መሙላት ነው። ዊንዶውስ የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ትቀራላችሁ፣ ከዛ ዩቲዩብም ቴሌግራም ዌብም ምንም አይከፈትም። ይሄንን አስተካክሎ "ሶፍትዌር ጫንኩልህ" ብሎ 500 ብር የሚቀበል ቤት አለ፣ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ብሮውዘሮቹ። ክሮም ለዊንዶውስ 7ም ለ8.1ም 109 ላይ ቆሟል፣ የወጣው ጥር 2023 በፈረንጅ ነው፣ ከ110 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ስለዚህ "አዲሱን ክሮም ለሰቨን አለኝ" የሚላችሁ ሰው ካለ ጉግል ያልሠራውን ነገር ነው እየሸጠላችሁ ያለው። አንድ ወዳጄን ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ብሎት 600 ብር ከፍሎ ከፍላሽ አስጫነ፣ ማሽኑን አምጥቶ ሳየው የክሮሙ ምልክት አለ፣ ውስጡ ግን ያው 109 ነው፣ ላዩ ላይ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ተጭኖበት ሰርች ባደረገ ቁጥር የማያውቀው ሳይት ላይ ይወስደዋል፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከትም ፕሮፐርቲው ውስጥ ሌላ አድራሻ ተለጥፎበታል፣ ከዛ በላይ ደግሞ ፍላሹ ላይ የነበረው የሾርትከት ቫይረስ የደንበኞቹ ፍላሽ ሁሉ ላይ ሄደ። እሱን ማጽዳት ከብሮውዘሩ በላይ ነው ያደከመን። 109ን ራሱን ከጉግል ያመጣችሁት ከሆነ ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ግን ከ2023 ወዲህ የተገኙ ቀዳዳዎች አልተደፈኑለትም፣ ባንክና ቴሌብር ነገር በሱ አትግቡ።

ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር ለምን ይበልጣል? ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ሐምሌ 2023 አካባቢ 115ን ሲያወጣ ለዊንዶውስ 7፣ 8 እና 8.1 የመጨረሻው ነው አለ፣ ግን ሴኪዩሪቲ አፕዴቱን በ2024 ያቆማል ሲባል አራዘመው፣ ደግሞ አራዘመው፣ እንደገናም አራዘመው። ማይክሮሶፍት ራሱ ዊንዶውስ 7ን ጥር 14 ቀን 2020 ትቶት እያለ ማለት ነው። ሌላው ጥቅሙ የሰርተፊኬት ዝርዝሩን የራሱን ይዞ ይመጣል፣ የዊንዶውሱን አይጠብቅም፣ መስከረም 30 ቀን 2021 ለሳይቶች ነፃ ሰርተፊኬት የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት የድሮው ሩት ሰርተፊኬት (ሌሎቹ የሚታመኑበት ዋናው ሰርተፊኬት) ሲያልቅ በስንቱ አሮጌ ማሽን ላይ ሳይት ሁሉ ሲዘጋ በፋየርፎክስ ግን ይከፈት የነበረው ለዚህ ነው። ደግሞ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ኤክስቴንሽን ትጭኑበታላችሁ፣ ማስታወቂያው ሲጠፋ 2 ጂቢ ራም ያለው ማሽን እንኳን ይተነፍሳል፣ ፓኬጁም ቶሎ አያልቅም። እኔ ለሰው ስጭን ዩብሎክን ሳልጨምር አልሰጥም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። "እኔ ፋየርፎክስ አለኝ" ብላችሁ 78 ወይም 102 ላይ የተቀመጣችሁ አላችሁ። መጋቢት 14 ቀን 2025 በፈረንጅ የሞዚላ አንድ ሩት ሰርተፊኬት አብቅቷል፣ ከ115.13 በታች የሆነ ኢኤስአር ላይ ኤክስቴንሽኖቹ መሥራት ያቆማሉ። ስለዚህ 115 ማለት ብቻ አይበቃም፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩት፣ አባውት ፋየርፎክስ ውስጥ ገብታችሁ የቅርቡን አስመጡ።

ጉድለቱን አልደብቅም። ሞተሩ የ2023 ነው፣ አንዳንድ አዲስ ሳይት "ብሮውዘርህን አፕዴት አድርግ" ይላል ወይም ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለነዚህ ብቻ ሱፐርሚየምን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሱፐርሚየም የክሮም መሠረት የሆነውን ክሮሚየምን ወስዶ ለድሮ ዊንዶውስ እንዲሆን የተሠራ ብሮውዘር ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ነፃ ነው፣ 132 ላይ የተመሰረተውን እኔ ራሴ ዊንዶውስ 7 ላይ ተጠቅሜበታለሁ፣ ከክሮም 109 በጣም ይሻላል፣ 109 እምቢ ያለውን ይከፍታል። ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግኩትም? ጥቂት ሰዎች በራሳቸው ጉልበት ነው የሚይዙት፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ጉግል በደፈነበት ፍጥነት አይደርስላችሁም፣ ራሙንም እንደ ክሮም ይበላል፣ 2 ጂቢ ላይ ሦስት ታብ ከከፈታችሁ ሃርድ ዲስኩ መጮህ ይጀምራል። ፓስወርድ ያለበት ነገር በፋየርፎክስ፣ እምቢ ያለ ሳይት በሱፐርሚየም፣ እንዲህ ከፋፍላችሁ ተጠቀሙ።

ፎርማት የሚባለውን ነገር ደግሞ እኔ አጥብቄ ነው የምቃወመው። ደሴ ላይ ፎርማት ከነዊንዶውስ 10 ከ500 እስከ 800 ብር ሲጠይቁ አይቻለሁ። አንዲት ኮፒ ቤት ያላት እህታችን 800 ከፍላ አስደረገች፣ ማሽኑ የድሮ ፕሮሰሰር ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ራሙ 2 ጂቢ ነው፣ እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል፣ ይሄም ይቻል ነበር፣ የከፋው ፒችትሪው ዳታው ሲ ድራይቭ ላይ ስለነበር አብሮ መሄዱ ነው። ሠራተኛው ሳይጠይቃት ነው የጠረገው። ከዛ ዲዲአር3 ራም ግዢ አላት 1,500 ብር፣ ከዛ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) አላት፣ ከ3,000 በላይ። ይሄ ሁሉ ወጥቶ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ድጋፉ አብቅቷል፣ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የሴኪዩሪቲ ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ያን ማሽን አያየውም። ብራችሁን ከሞተ ወደ ሞተ ለመሄድ አታውጡ።

ፒችትሪም ፓወር ግዕዝም የማያስፈልጋችሁ፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ብቻ የሆናችሁ ተማሪዎች ግን ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ሞክሩ፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃና ቀለል ያለ ሲስተም ነው፣ ማሽኑ 64 ቢት ይሁን፣ ራሙ 4 ጂቢ ቢሆን ደስ ይላል። የዛሬውን ፋየርፎክስ ሙሉውን ታገኛላችሁ፣ ሚንት 22 እስከ 2029 አፕዴት አለው። ወደ 3 ጂቢ ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ ወይ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ያውርድላችሁ። ከፍላሽ ሳትጭኑ ከፍታችሁ ማየት ይቻላል፣ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን ሳታረጋግጡ ኢንስቶል የሚለውን አትንኩ።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ያላችሁ፣ አላችሁና፣ ፋየርፎክስ ኢኤስአር 52 ላይ ነው የቀረው፣ ክሮም 49 ላይ። ሰርቪስ ፓክ 3 ካለው ሱፐርሚየም ይሄዳል፣ ራሙ 1 ጂቢና ከዛ በታች ከሆነ ማይፓል የሚባለው ለኤክስፒ የተሠራ ብሮውዘር ይቀላል። ግን ኤክስፒ ላይ በምንም ብሮውዘር ቢሆን የባንክ ፓስወርድ አትጻፉ፣ የተተወው ከ2014 ጀምሮ ነው።

አብሽሩ፣ አጫጫኑ ከባድ አይደለም። የድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሞዚላን ገጽ ራሱ ላይከፍት ይችላል፣ ስለዚህ በስልካችሁ ከራሱ ከሞዚላ ሳይት አውርዱና በኬብል አሳልፉት፣ የሰው ፍላሽ አትዋሱ። ስታወርዱ ኢኤስአር 115 የሚለውን ምረጡ፣ ማሽኑ 32 ቢት ከሆነ 32ቱን። ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡና ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚለው ታብ መኖሩን እዩ፣ ስሙ ሞዚላ ኮርፖሬሽን ማለት አለበት። ታቡ ከሌለ ወይም ሌላ ስም ካለ ማንም ይስጣችሁ ማን አጥፉትና እንደገና አውርዱ።