ውሃ የማያስገባ የተራራ ጫማ፦ ከእንጦጦ እስከ ስሜን

ባለፉት ዘጠኝ ወራት አንድ ጥንድ የተራራ ጫማ አድርጌ እንጦጦን፣ የመናገሻ ሱባን ደን፣ ወንጪን፣ በመጨረሻም የስሜን ተራሮችን ተመላልሼበታለሁ። ጫማው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ሲሆን ውጪው ፊቱ የተፋቀ ለስላሳ ቆዳ ነው፤ ውስጡም እንደ ጎርቴክስ ያለ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ተገብሮለታል። አንዱ እግር በሥጋ ቤት ሚዛን 560 ግራም መዝኗል። የአንድ ሰው እግር የሰጠው ምስክርነት የአንድን ድርጅት ስም ማንሻም መጣያም ሊሆን አይገባም ብዬ ስለማምን የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ከምጽፈው አብዛኛውም በዚህ አሠራር ለተሠራ ጫማ ሁሉ የሚሆን ነው።

ሰዎች እንዲህ ያለውን ጫማ ሲገዙ አስቀድመው የሚጠይቁት «ውሃ ያስገባል ወይ?» ብለው ነው። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ልኩ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ልኩ ያልሆነ ጫማ የቱንም ያህል ውሃ ቢከላከል በሁለተኛው ቀን ጉዞ ከእግር ይወልቃል።

በአዘቦት ቀን 39 ቁጥር አደርጋለሁ። ወደ መደብሩ የሄድኩት ሆን ብዬ አመሻሽ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ከሠራሁ በኋላ ነበር፤ እግር በቀን ውሎ ያብጣል፣ ተራራ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ለጉዞ የማደርገውን ወፍራም የሱፍ ካልሲም ይዤ ሄድኩ። ማሰሪያውን ሳላጠብቅ እግሬን ወደ ፊት ገፍቼ ጣቶቼ ጫፉን ሲነኩ፣ ከተረከዜ በስተጀርባ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለመኖሩን አየሁ። 39 ቁጥሩ ይህን ክፍተት አልሰጠኝም፣ 40 ቁጥሩ ሰጠኝ። ይሁንና ከሁሉ የጠቀመኝ ፈተና ሌላ ነበር፤ ሻጩን አስፈቅጄ የሕንፃውን ደረጃ ሁለት ፎቅ ያህል በፍጥነት ወረድኩ። በ39 ቁጥሩ አውራ ጣቴ በሦስተኛው እርከን ላይ የጫማውን አፍንጫ መታ፤ በ40 ቁጥሩ እስከ ታች ድረስ አልነካም። ይህችን አምስት ደቂቃ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጫማውን ትታችሁ ውጡ፤ ዳገት ሲወጣ ሁሉም ጫማ ጥሩ ይመስላል፣ የጣት ጥፍር የሚጠቁረውና የሚነቀለው ቁልቁለት ላይ ነው።

በመደብሩ የነበረው የወንድ ቅርጽ ብቻ መሆኑ ግን ዋጋ አስከፍሎኛል። የሴት እግር በአብዛኛው ከፊት ይሰፋና ተረከዙ ይጠባል፤ የወንድ ጫማ ደግሞ በዚያው ርዝመት ተረከዙ ይሰፋል። ፊቱ ልክ የሆነልኝ ጫማ ከኋላ በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዜን ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርገው ነበር። ሻጩ «ሲለመድ ይይዝሻል» አለኝ። ቆዳ ሲለመድ ይለሰልሳል እንጂ አይጠብም። በመጀመሪያው የመናገሻ ጉዞዬ ገና ሁለት ሰዓት ሳልሄድ የቀኝ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፤ የተመለስኩትም እያነከስኩ ነው።

ችግሩን ያቀለለልኝ የአስተሳሰር ለውጥ ነው። ማሰሪያውን ከእግር ጣት እስከ ቁርጭምጭሚት እንደ ወትሮው ካጠላለፍኩ በኋላ፣ በላይኛው መንጠቆ ላይ በየጎኑ ትንሽ ቀለበት እሠራለሁ፤ ከዚያም የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፌ ወደ ኋላ እስባለሁ። ይህ ተረከዙን ከጫማው የኋላ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፣ ፊቱን ግን አያጠብቅም። በዚህ መንገድ ማሰር ከጀመርኩ ወዲህ ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ አያውቅም። ቢሆንም ይህ ለጉድለት የተበጀ መላ እንጂ ትክክለኛ ልክ ስላልሆነ፣ ወደፊት የሴት ቅርጽ ሳላገኝ አልገዛም።

ወደ ውሃው ልምጣ። ጫማውን ከቤት ሳላወጣው በፊት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ እስከ ማሰሪያው ግማሽ የሚደርስ ውሃ ሞልቼ፣ ጫማው ውስጥ በጣቶቹና በጎኖቹ በኩል ሶፍት ወትፌ፣ ለ20 ደቂቃ አቆየሁት። ሶፍቱ ደርቆ ወጣ። ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው የሚችል፣ ከማስታወቂያ ጽሑፍ ይልቅ የሚታመን ፈተና ነው። እዚያው ሳለሁ ምላሱን መርምሬ በሁለቱም ጎን ከጫማው አካል ጋር እስከ ላይ ተሰፍቶ አገኘሁት፤ ይህ ስፌት ዝቅ ብሎ የቀረበት ጫማ ሽፋኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውሃ የሚያስገባው በዚያ በኩል ነው።

ይሁን እንጂ በክረምት መካከል መናገሻ ደን ውስጥ ሦስት ሰዓት የቆየ ዝናብ ሲይዘኝ እግሬ ራሰ። ጫማው አላፈሰሰም፤ ውሃው ሱሪዬን ተከትሎ ከላይ በአንገቱ ገባ። ውሃ የማያስገባ ሽፋን የገባውንም ውሃ አያስወጣም፤ ከውስጥ የሞላ ጫማ እንደ እንስራ ይዞት ይቀመጣል። አውልቄ ባፈሰው፣ ጋዜጣ እየቀያየርኩ ብወትፈው፣ ሙሉ በሙሉ የደረቀው በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ውሃ የማያስገባውን ሱሪ ከጫማው አንገት ውጪ አወርደዋለሁ፤ ሱሪን በጫማ ውስጥ መክተት ውሃን በገዛ እጅ ወደ ውስጥ መምራት ነው።

ይህ ጉዳይ በስሜን ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። የሄድነው መስከረም መጨረሻ ላይ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አልቀረም፤ ከሳንቃበር ወደ ግጭ በሚወስደው መንገድ ያለው የጅንባር ወንዝም ከቁርጭምጭሚት በላይ ይፈስ ነበር። ጠብመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ያነገቱት ስካውታችን፣ ማለትም አብረውን የሚጓዙት የፓርኩ ጠባቂ፣ በእግራቸው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ብቻ ነበር። እኔ ድንጋይ ለድንጋይ ለመዝለል ስዘጋጅ «ልጄ፣ እንዲህ ያለው ጫማ አንዴ ከሞላ አይደርቅልሽም፤ አውልቂና ተሻገሪ» አሉኝ። አውልቄ ተሻገርኩ። እርሳቸው ቀጥ ብለው በውሃው አለፉ፤ የሚቀጥለውን ዳገት ወጥተን ሳንጨርስ ጫማቸውም እግራቸውም ደርቆ ነበር። የእርሳቸው ጫማ ከብርድና ከሹል ድንጋይ አይከላከልም፤ የኔው ደግሞ ከላይ የገባ ውሃን አይችልም። ውሃ የማያስገባ ጫማ የተሠራው ለጭቃ፣ ለረጠበ ሣርና ለዝናብ ነው፤ ለወንዝ አልተሠራም።

ለረጠበ ሣር ግን ወደር አላገኘሁለትም። በ3,600 ሜትር ላይ ባለው የግጭ የድንኳን ሰፈር ጠዋት ጓሳው በጤዛ ተሞልቶ፣ ከእኛ ጋር የነበሩት በሸራ ጫማ የሚሄዱ ሁለት ጓደኞቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካልሲያቸው ሲጨመቅ፣ የኔ እግር እሜት ጎጎ እስከተባለው የተራራ ጫፍ ድረስ ደረቅና ሙቅ ነበር። በዚያ ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሙቀት ባለበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህን ዓይነት ሽፋን ያስገኘው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎን የተባለውን ነገር አሙቆ በድንገት ሲስበው፣ የውሃ ጠብታ የማያልፍባቸው ተን ግን የሚያልፍባቸው ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ነገር ሆነለት። ላቡ እንዲወጣ ግን ከጫማው ውስጥ ያለው አየር ከውጪው ይልቅ የሞቀና የረጠበ መሆን አለበት። ስሜን ላይ ይህ ልዩነት ሰፊ ነው፤ በግንቦት ቀትር አዲስ አበባ ላይ ግን ይጠባል፣ እግርም በላብ ይቀቀላል። በተጨማሪም የውጪው ቆዳ ውሃ የሚያንሸራትትበትን ቅብ አጥቶ ሲርስ ተኑ መውጫ ያጣል፤ ያን ጊዜ ካልሲው በላብ ይረጥብና ሰው «ጫማዬ አፈሰሰ» ይላል። ስለዚህም ከመኮነናችሁ በፊት የሳፋውን ፈተና ድገሙት።

የሶሉን ነገር በአጭሩ ልናገር። ጥርሶቹ ጭቃን በደንብ ይይዛሉ፣ ሲራመዱም ይተፉታል። እናትዬ ከተባለው የስሜን ጫፍ፣ ከ4,070 ሜትር፣ ወደ ጨነቅ ሰፈር ስንወርድ በልቅ ጠጠር ላይ አንድ ጊዜም አላዳለጠኝም፣ ጥፍሮቼም አልተነኩም፤ የደረጃው ፈተና ትርጉም የገባኝ እዚያ ነው። በረጠበ ለስላሳ ባልጩት ድንጋይና በእንጦጦ የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ግን ጎማው ደረቅ ያለ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። ዱላ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ስለ ሰልባጅ ጫማ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፣ ብዙ ወጣት ተጓዦች ከመርካቶ የሚገዙት እርሱን ነውና። የብዙ የተራራ ጫማዎች መካከለኛ ሶል፣ ማለትም ከቆዳው በታች ያለው ስፖንጅ፣ ከፖሊዩሬታን የሚሠራ ነው፤ ይህ ነገር ጫማው ሳይደረግ ቢቀመጥም እንኳ በአየር እርጥበት ለዓመታት ቀስ በቀስ እየፈራረሰ ይሄዳል። ቆዳው እንደ አዲስ የሚያበራ ጫማ በመንገድ መሃል ሶሉ ተገንጥሎ ሊቀር የሚችለው ለዚህ ነው። ስትገዙ ስፖንጁን በአውራ ጣታችሁ አጥብቃችሁ ጫኑት፣ ጫማውንም እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም አትውሰዱት። ለአራት ቀን ጉዞ ወጥቶ ሶሉ በተገነጠለ ጫማ ወደ ደባርቅ መመለስ ቀላል አይደለም።

ስለ አያያዙም አንድ ነገር፦ ለሊስትሮ አትስጡት። ጥፋቱ የሊስትሮው አይደለም፤ የተፋቀ ቆዳ የተለመደውን ቀለምና ቅባት አይወድም፣ ቀዳዳው ይደፈናል። በብሩሽና በለብታ ውሃ አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። በድንኳን ሰፈር እሳት ዳር የሚያደርቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል፣ ቆዳውንም ይሰነጥቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ጫማውን እንደገና ሳፋው ውስጥ አቆምኩት። የቀኙ ሶፍት ከ20 ደቂቃ በኋላ ደረቅ ወጣ፤ የግራው ግን በትንሿ ጣት በኩል፣ ጫማው በእርምጃ ሁሉ በሚታጠፍበት መስመር ላይ፣ የሽልንግ ስፋት ያህል ረጥቧል። ለዘጠኝ ወር አገልግሎት ትንሽ ቀደም ብሏል እላለሁ፤ ለከፈልኩበት ዋጋ ሁለት ክረምት እንዲያሻግረኝ ጠብቄ ነበር። ለእንጦጦና ለወንጪ አሁንም አደርገዋለሁ፤ ለሚቀጥለው የስሜን ጉዞ ግን በሴት ቅርጽ የተሠራ 40 ቁጥር እየፈለግሁ ነው።